«ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ያሉትን ልጆች ለምን አናያቸውም?

የመክፈቻ ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከደብረ ማርቆስ ነው። ሐዲስ አለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን ልብ ወለድ ሰሞኑን እንደገና አነበብኩት። የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ፍቅር ሁላችንም እናወራለን። የሰብለን አባት የፊታውራሪ መሸሻን ትዕቢት እናወራለን። የጉዱ ካሣን ንግግር በቃሉ የያዘ ሰው እንኳ በየሰፈሩ አይጠፋም። ስለ ልጆቹ ግን የሚያወራ ሰው አላጋጠመኝም።

በዛብህ ገና ሕፃን ሳለ ስለት ሆኗል። ወላጆቹ ለእግዚአብሔር ተሳሉት። ዕድሜ ልኩን ሚስት እንዳያገባ ተወሰነበት። የጠየቀው የለም፤ ሊጠየቅ በሚችልበት ዕድሜም አልነበረም። ሰብለ ወንጌል ደግሞ የአባቷ ክብር እስረኛ ሆና አደገች። በዘር የሚመጥናት ባል ሲጠፋ፣ ዕድሜዋ ከቤት ሳትወጣ ሄደ።

የዓለም ጤና ድርጅት በልጆች ላይ የሚደርስ በደልን ሲዘረዝር አካላዊ ጥቃት፣ ወሲባዊ ጥቃት፣ ስሜታዊ ጥቃትና ቸልተኝነት ይላል። እኛ አገር የመጀመሪያውን እንኳ ሁልጊዜ በደል ነው አንልም። ሦስተኛውን ጨርሶ አንቆጥረውም። የዚህ መጽሐፍ ትልቁ በደል ግን ሦስተኛው ይመስለኛል። ዱላ የለበትም። የሚፈጽሙትም ልጃቸውን ከነፍሳቸው አብልጠው የሚወዱ ሰዎች ናቸው። ጥያቄዬ አንድ ነው፦ የበዛብህ ወላጆች ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ልጃቸውን በድለዋል ወይስ አልበደሉም?

ክሩ፣ ማለትም ከጥያቄዬ ሥር የተጀመረው ውይይት፣ ስለረዘመ፣ አሁን ለምትገቡ እንዲመች የመጡትን መልሶች በየተራ እንደሚከተለው ጽፌያቸዋለሁ።

1ኛው መልስ ከባሕር ዳር ነው። ጸሐፊው ትሑት ሰው ነው። መጽሐፉን ሳያነብ በፊት ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው እንደሰማው ነገረን። ሲሰማ ያለቀሰው ለፍቅራቸው ነበር። አሁን ጥያቄውን ሲያይ ግን ለበዛብህ ልጅነት አንድም ቀን አዝኖ እንደማያውቅ ገባው። በድለዋል ብሎ ለመናገር ግን አልደፈረም። 2ኛዋም ስለ ሬዲዮው ነው የጻፈችው። ከወጋየሁ ድምፅ ውጭ መጽሐፉን በሌላ ድምፅ ማሰብ እንደማይሆንላት ተናገረች። እግረ መንገዷን በዛብህን የዲማ ተወላጅ አደረገችው።

3ኛው መልስ የመጀመሪያው ተቃውሞ ነው። ጸሐፊው ከሞጣ ነው፤ አነጋገሩም ጨዋ ነው። የታሪኩ ዘመን ከጣልያን ወረራ በፊት ነው አለ። ያኔ ልጅ መውለድና ልጅ ማሳደግ የተለያዩ ነገሮች ነበሩ። ፈንጣጣ ይመጣል፣ ኩፍኝ ይመጣል፣ ተስቦ ይመጣል። ክትባት የለም። አንድያ ልጅ ያላቸው ወላጆች በእጃቸው የነበረው መድኃኒት ስለት ብቻ ነው። ስለዚህ በዛሬ ሚዛን መመዘን ግፍ ነው ሲል ደመደመ። እኔ ይህን መልስ እስከ ዛሬ እያሰብኩበት ነው። እውነትነቱ አይካድም። ግን ወላጆቹ ለምን እንዳደረጉት ነው የሚነግረን፤ ልጁ ላይ ምን እንደደረሰ አይነግረንም።

4ኛው መልስ 2ኛዋን ለማረም የመጣ ነው። በዛብህ የማንኩሳ ልጅ ነው፤ ዲማ የሄደው ለትምህርት ነው። በዚህ ሰበብ 5ኛው፣ ማንኩሳ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል እንደሆነች፣ ዲማ ጊዮርጊስ ደግሞ በቢቸና በኩል እንደሆነ አስረዳ። የዚያ ዘመን ልጅ ይህን ሁሉ አገር በእግሩ እንዳቋረጠ አስቡት አለ። 6ኛው ስለ መንገዱ ጥገና አነሳ፤ የሱን አልፌዋለሁ።

7ኛዋ ከፍኖተ ሰላም ናት። ነርስ ናት። የ3ኛውን ሐሳብ በከፊል ተቀበለች። ውድነሽን ለመውቀስ ምላሷ እንደማይታዘዝላት ገለጸች። ልጇ እንዳይሞትባት የፈራች እናት ምን እንደማታደርግ በየቀኑ ታያለች። ቀጥላ ግን ስለ ቸልተኝነት የጻፈችው፣ ከክሩ ሁሉ ሊነበብ የሚገባው ነው። ጥቃት ምልክት ይተዋል አለች። ሰንበር ይታያል፣ ስብራት ይታያል። ቸልተኝነት ግን ያልተደረገ ነገር ስለሆነ ዓይን አይዘውም። ምድጃ ውስጥ የወደቀ ሕፃን ይመጣላታል። እናቲቱ አረም ላይ ነበረች። ሕፃኑን የያዘችው የስድስት ዓመት እህቱ ናት። ነርሷ ይህን ቸልተኝነት ብላ አትጽፈውም። ድህነት ነው፤ እናቲቱ ሌላ ምርጫ አልነበራትም። ሌላ ቀን ደግሞ ሁለት ጥንድ በሬ ያለው አባት፣ ከሰነበተ ቁስል ጋር የቆየ እረኛ ልጅ ያመጣል። የመኸር ሥራ ስለበዛ ነው የዘገየው። ይህኛው ቸልተኝነት ነው። ልዩነቱ ማድረግ እየቻሉ መተው ላይ ነው አለች። ስለዚህ ቦጋለና ውድነሽ ልጃቸውን ችላ አላሉትም፤ እንዲያውም ከመጠን በላይ ተጨነቁለት። የበደሉት በሌላ መንገድ ነው። ኑሮውን ራሳቸው ኖረው ጨረሱለት።

8ኛው መልስ ረጅሙ ነው። የቀድሞ የቆሎ ተማሪ ነው፤ አሁን በዳንግላ ይነግዳል። ከቤቱ ሲወጣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንጠልጥሎ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ አድጓል። ውሻ ከእግሩ ላይ የዘነጠለው ቦታ ዛሬም አለ። በክረምት ጎጆዋ ታፈሳለች። ቁንጫና ቅማል እንቅልፍ አይሰጡም። የተለመነው ቁራሽ ቀርቶ ጥሬ ቆርጥመው ያደሩበት ሌሊት ብዙ ነው። የኔታ ይገርፋሉ። ከየኔታ ይልቅ ግን የሚፈራው ትልልቆቹን ተማሪዎች ነበር። ትንንሾቹን እንጨት ያስለቅማሉ፣ የለመኑትን ይቀሟቸዋል፣ ማታ ደግሞ ይደበድቧቸዋል። ለየኔታ መናገር አይታሰብም። አንዳንዱን ነገር ከዚህ በላይ እንደማይጽፈው ገልጾ አለፈው፤ እኛም አልጠየቅነውም።

ይህን ሁሉ ከጻፈ በኋላ የኔታን በዳይ ብላችሁ ብትጠሩብኝ አልታገሣችሁም አለ። ፊደል የቆጠረው፣ ዳዊት የደገመው፣ ቅኔ የቀመሰው በሳቸው ነው። እሳቸውም በልጅነታቸው እንደዚያው ተገርፈው ነው የተማሩት። ሐዲስ አለማየሁ ራሳቸው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የተማሩ ሰው መሆናቸውን አስታወሰን። የተማሪን ረሃብ ከሰው ሰምተው አልጻፉትም። የመልሱ መጨረሻ አንድ መስመር ነበር፤ የራሱን ልጅ ግን ወደዚያ አልላከም።

9ኛዋ ወዲያው ለምን አልላክም ብላ ጠየቀችው። መልስ የለም።

ከዚህ በኋላ አየሩ ተለወጠ። 10ኛው በእኔ ላይ ወረደብኝ። ቤተ ክርስቲያንን ለማጠልሸት የፈረንጅ መለኪያ ይዤ እንደመጣሁ ጻፈ። ገንዘብ የሚሰጠኝ ድርጅት እንዳለ ጠረጠረ። ጎጃም ሊቃውንትን ያፈራው በዚያ ረሃብና በዚያ ልምጭ ነው፤ ዛሬ ልጁ ሁሉ ሲንቀባረር ሊቅ ጠፋ አለ። 11ኛው ከሱ ብሶ እናቴን ስለሰደበ፣ የውይይቱ አወያይ መልሱን አጠፋው። ለ10ኛው የመለስኩለት አጭር ነበር። ሊቃውንቱን አከብራለሁ። ግን ሊቅ ሆነው የወጡትን እየቆጠርን፣ በመንገድ የቀሩትን ልጆች የቆጠረ አለ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ይህን ዛሬም እጠይቃለሁ።

12ኛው መልስ ክርክሩን ወደ መጽሐፍ ቅዱስ ወሰደው። ሐና መካን ሳለች ወንድ ልጅ ብትሰጠኝ ለአንተ እሰጠዋለሁ ብላ ተሳለች። ሳሙኤል ተወለደ፤ ጡት ሲጥል ለቤተ መቅደስ ሰጠችው። እሷን ማን በደለኛ አላት? ውድነሽስ ከሐና በምን ትለያለች? ብዙ ሰው ይህን ወደደው። 13ኛው ደግሞ ከዚያው ከብሉይ ኪዳን ዮፍታሔን አመጣ። ሳያስብ ተሳለ፤ ስለቱ የራሷ ሕይወት በሆነ ልጁ ላይ ወደቀ። መጽሐፉ ልጅቱ ስለ ድንግልናዋ በተራሮች ላይ ለሁለት ወር እንዳለቀሰች ይነግረናል። የአባቱ ስለት ያለ ትዳር ያስቀረው በዛብህ፣ ከሳሙኤል ይልቅ የዮፍታሔን ልጅ ይመስላል አለ። 12ኛውና 13ኛው ከዚህ በኋላ ተካረሩ። አንዱ ሌላውን መናፍቅ እስከማለት ደርሶ ነበር።

ያበረዷቸው በ14ኛው መልስ የገቡት ቄስ ናቸው። ከደጀን አካባቢ ናቸው። ሁለቱንም ልጆቼ እያሉ ነው የጻፉላቸው። ሐናን አንሱ፣ ግን ታሪኳን እስከ መጨረሻው አንብቡ አሉ። ሐና ልጇን ሰጥታ አልጠፋችም። በየዓመቱ ለመሥዋዕት ስትወጣ ትንሽ መደረቢያ እየሠራች ትወስድለት ነበር። እናት በየዓመቱ ልብስ የምትሠራው የልጇን ቁመት እያሰበች ነው። ምን ያህል እንዳደገ፣ ትከሻው ምን ያህል እንደሰፋ ታውቃለች። የሰጠችው ልጅ ከእጇ ወጣ እንጂ ከዓይኗ አልወጣም። ደግሞ ሳሙኤል ኋላ ልጆች ነበሩት፤ የሐና ስለት ትዳር አልከለከለውም። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ምንኩስና የራስ ፈቃድ ነው አሉ። ሰው ከብቱን፣ ጉልበቱን፣ ጧፉንና ዕጣኑን ይሳላል። የሌላ ሰው ድንግልና ግን የተሳዩ ንብረት አይደለም። እኔ ከዚህ ክር የወሰድኩት ትልቁ ነገር ይህ ነው። እኛ ሕግና ድርጅት ስንጠራ፣ እሳቸው ከዚያው ከምናከብረው መጽሐፍ መለያውን አወጡልን።

15ኛዋ የሕግ ባለሙያ ናት። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ማንኛውም ሕፃን በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋም ከአካላዊ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳለው ይናገራል አለች። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 576 ደግሞ በአደራ የያዘውን ልጅ የሚያንገላታ፣ ችላ የሚል፣ ከአቅሙ በላይ የሚያሠራ ወይም የሚደበድብ ሰው እንደሚቀጣ ይደነግጋል። ጉዳቱ በጤናው፣ በትምህርቱ ወይም በሥነ ልቦናው ላይ ከባድ ከሆነ ቅጣቱ ይከብዳል። ግን እዚያው አንቀጽ ላይ ለተገቢ ተግሣጽ የተተወ ቀዳዳ አለ። ሁሉም ሰው ዱላውን በዚያ ቀዳዳ ያሾልከዋል ብላ በምሬት ጻፈች።

16ኛው መምህር ነው፤ ተቆጣ። ክፍሉ ሞልቶ የተረፈ ልጅ ይዞ፣ ሕግ ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ስለ ልምጭ ሊያስተምረው እንደማይችል ተናገረ። 17ኛውም መምህር ነው፤ እሱ ደግሞ 16ኛውን ፊት ለፊት ገጠመው። ያው ክፍል፣ ያው ቁጥር፣ ያው ደመወዝ አለኝ፤ ልምጭ ግን ካቆምኩ ቆየሁ፤ ልጆቹም አልሞቱም፣ እኔም አልሞትኩም አለው። ሁለቱ መምህራን ከዚህ በኋላ ስለ ደመወዝ ተግባብተው ወጡ።

ሰብለ ወንጌልን ያነሳው 18ኛው ነው። እሷ ልጅ አልነበረችም፣ የጌታ ቤት እመቤት ነበረች፤ ምን ጎደላት አለ። በበደል ዝርዝር ውስጥ መግባቷ አልዋጠለትም። 19ኛዋ ስትመልስለት ክሩ ጸጥ አለ። እናቷ በሰባት ዓመቷ ተድራ አማት ቤት ገብታለች። እዚያ ውኃ ቀድታ፣ ጥጃ ጠብቃ፣ እህል ፈጭታ አደገች። የወር አበባ ሳታይ ባሏ ዘንድ አስተኟት። የመጀመሪያ ምጧ ቀናት ፈጀ፤ ልጁ ሞተ፤ እሷም ሽንቷ የማይቋጠር ሆነች። ፌስቱላ ነው። ባሏ መለሳት። በኋላ ታክማ ድናለች። ጸሐፊዋ እናቴ በሕይወት አለች፣ ግን ልጅነት ምን እንደሆነ አታውቅም አለች። እናም ሰብለን ከእናቷ ጋር ስታነጻጽር፣ ሰብለ የተሻለ ዕድል የደረሳት ይመስላታል።

እኔ እዚህ ላይ በ20ኛው መልስ ገባሁ። አንዷን በሰባት ዓመቷ ሰጧት፤ ሌላዋን ለማንም አልሰጥም ብለው አስቀሯት። ተቃራኒ ይመስላል፤ ሥሩ ግን አንድ ነው። በሁለቱም ቤት ልጅቱ የአባቷ መደራደሪያ ናት። የሰብለ እናት ወይዘሮ ጥሩአይነት ዝም ማለታቸውም ከዚሁ የሚቆጠር ነው። የልጃቸው ዓመታት ሲያልፉ እያዩ፣ ባላቸውን ፈርተው ኖሩ። ዛሬ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 ከ18 ዓመት በታች ያለችን ልጅ ያገባን ሰው ይቀጣል፤ ልጅቱ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች ቅጣቱ እስከ ሰባት ዓመት ጽኑ እስራት ነው። ሴት ልጅን እንደ ንብረት የሚያይ ዓይን ግን በአንቀጽ ብቻ አይጠፋም። ከ18ኛው መልስ ሰጪ እስካሁን ምንም አልሰማሁም።

21ኛው ወደ ሌላ ነገር ወሰደን። አዲስ አበባ ውስጥ ሎተሪ ስለሚያዞሩና ጫማ ስለሚጠርጉ የጎጃም ልጆች ጻፈ። በእህል ተቀጥረው የሰው ከብት ስለሚጠብቁ እረኞችም ጻፈ። ራሱን የቻለ ክር ይፈልጋል፤ ክፈተው ብዬዋለሁ።

22ኛው ጉዱ ካሣን አነሳ። በመጽሐፉ ውስጥ የወጣቶቹን በደል በስሙ የሚጠራው እሱ ነው፤ እሱን ደግሞ እብድ ይሉታል። ይህ ሐሳብ ትክክል ይመስለኛል። በየሰፈራችን ልጅ ሲገረፍ ገባ ብሎ የሚያስጥል ሰው፣ በሰው ቤት ነገር ገባህ ይባል የለ? ሐዲስ አለማየሁ ያን ሰው ለይተው አይተውታል።

23ኛው መልስ ሲመጣ ስለ ልብ ወለድ መነጋገራችን አበቃ። የጻፈችው ከቡሬ ወጣ ብላ በምትገኝ የገጠር ከተማ የምትኖር እናት ናት። ክሩን ከመጀመሪያው ጀምሮ ስታነበው ነበር። ወንድ ልጇ ሲወለድ ሊሞት ነበር። ቢተርፍ ለታቦቱ ልትሰጠው ተሳለች። ተረፈ። አሁን ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፤ ሦስተኛ ክፍል ነው። አማቷ ጊዜው ደርሷል፣ ወደ ቤተ ጉባኤ ይሂድ ይላሉ። ልጁ ሌሊት እየባነነ ይነሳል። ስለቷን ብታስቀር ልጁ እንዳይሞትባት ትፈራለች፤ ብትፈጽመውም 8ኛው መልስ ላይ ያነበበችው አስፈራት። ምን ላድርግ ብላ ጠየቀች።

24ኛው ያኔውኑ ለስለት አፍሽን ባትከፍቺ ኖሮ ብሎ ዘለፋት። ሴትዮዋ በዚህ ትሄድብናለች ብዬ ፈርቼ ነበር። 25ኛዋ፣ ማለትም ነርሷ፣ ዘላፊውን ሥርዓት አስያዘችው። ለእናቲቱም እህቴ እያለች ጻፈችላት፤ ልጁ የሚባንነው ለምን እንደሆነ በእርጋታ ጠይቂው፣ የሰማውን ሁሉ በልቡ ይዞታል አለቻት።

በ26ኛው መልስ ቄሱ ተመለሱ። የሞት ፍርሃቷን አልናቁባትም። እግዚአብሔር ልጅሽን ያተረፈው መልሶ ሊነጥቅሽ አይደለም አሏት። ከባሏ ጋር ወደ ንስሐ አባቷ ሄዳ ስለቱን በግልጽ እንድታስረዳ፣ በልጁ ፋንታ የራሷን እንድትሰጥ መከሯት። ልጁ ቤተ ክርስቲያን የሚወድ ከሆነ ከቤቱ እየተመላለሰ ዜማ ይማር፤ ድቁናውንም ሆነ ሌላውን ሲያድግ ራሱ ይወስናል አሉ። አማትሽ ካስቸገሩ የሐናን መደረቢያ ንገሪያቸው ሲሉ ጨመሩበት።

27ኛው መልስ የዳንግላው ነጋዴ ነው። 9ኛዋ የጠየቀችውን ለእናቲቱ መለሰ። ልጁን ያልላከው፣ በዚያ ሁሉ ዓመት አንድም ሰው መጥቶ እንዴት አደርክ ብሎ ስላልጠየቀው ነው። መላኩ አልነበረም የጎዳው፤ ተልኮ መረሳቱ ነው። እናቱ ደጅ ላይ ትመጣለች ብሎ ብዙ ጊዜ ጠብቋል። እናቲቱን የሚለምናት አንድ ነገር ነው፤ ምንም ብትወስን ልጁን ከዓይኗ እንዳታርቀው።

28ኛው የእሷው ነው፤ ከቀናት በኋላ መጣ። ባሏን አናግራዋለች። መጀመሪያ ተቆጣ፤ በኋላ ዝም አለ። አማቷ እስካሁን እሺ አላሉም። ልጁን ስትጠይቀው፣ የኔታ ዘንድ መሄድ እንደማይጠላ፣ የሚፈራው ውሻውንና ብቻውን ማደርን እንደሆነ ነገራት። ለጊዜው ጠዋት ትምህርት ቤት፣ ማታ በደብሩ ካሉት መሪጌታ ዘንድ እየተመላለሰ እንዲማር ተስማምተዋል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስቱም ንስሐ አባታቸው ዘንድ ይሄዳሉ። ቄሱ ለንስሐ አባቷ የሚሰጥ ደብዳቤ ይጽፉላት እንደሆነ ጠይቃለች፤ እሳቸውም በውስጥ መስመር አድራሻዋን ተቀብለዋል።